የዝንቡ ዋሽንት

ሙዚቃ ትርጉም የማያስፈልገው የዓለም ሁሉ ቋንቋ ነው ይባላል። ውሸት ነው። እኔ የሙዚቃ አስተርጓሚ ሆኜ ደመወዝ በልቻለሁ፤ ለዚያውም ለዓመታት። ትርጉም ባያስፈልገው ኖሮ ማንም በዚያ አቧራና ጭቃ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባላመላለሰኝ ነበር።

ይህን አባባል በየጋዜጣው የሚደግሙት ሰዎች ሙዚቃ የሚያዳምጡት ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ አንድ ዓይነት ሬዲዮ ይሰማሉ፣ የት ቦታ ላይ መጨብጨብ እንዳለበት አስቀድመው ያውቃሉ። እኩል አጨብጭበው ይወጡና ዓለም ሁሉ ተግባባ ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን አንድ የኦርኬስትራ ሙዚቃ አንድ ሙሉ መንደር ለቅሶ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። ሙዚቃው የተደረሰው ደግሞ ሰው እንዲደሰት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት በቅርቡ ተንቀሳቃሽ ሲኒማውን ዘጋው። የተሰጠው ምክንያት ቴሌቪዥን ስለመጣ የሚል ነው። ለማን እንደመጣ አልተገለጸም፤ ሱሉልታ እንዳልደረሰ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናውን ለሌላ ክፍል ሰጡት፣ ለእኔ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የአለቆችን ንግግር ስተረጉም ጥቂት ወራት ቆይቼ አሰናብቱኝ አልሁ። ለጡረታ ገና ነህ የሚሉኝ አሉ። ዕድሜዬ ገና ሊሆን ይችላል፤ ትዕግሥቴ ግን ደርሷል።

ሥራችን አንድ መኪና፣ አንድ የፊልም ማሳያ ማሽን፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ነጭ መጋረጃና ሁለት ሰዎች ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ በገበያ ቦታ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ መጋረጃውን ዘርግተን ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚያስተምሩ ፊልሞች እናሳያለን። ፊልሞቹ ከውጭ የመጡ ስለሆኑ እኔ ማይክሮፎን ይዤ በአማርኛና በኦሮምኛ እናገራለሁ። ያደግሁት ዓለም ገና አጠገብ ነው፤ ሁለቱም በእናቴ ቤት የሚነገሩ ነበሩ። የተሰጠን ፈቃድ «በአማርኛ ብቻ» ይላል። የጻፉት ሰዎች ቡራዩ ገበያ ቆመው ስለማያውቁ አልፈረድሁባቸውም፤ አልታዘዝኋቸውምም። ደመወዙ ጫማ ይገዛ ነበር፣ ሥራው ደግሞ ጫማውን ይጨርስ ነበር፤ ስለ ሒሳቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አለቆችም አየሁ። አንደኛው ፊልም በታየ ቁጥር ሥዕሉ እየደበዘዘ ይሄዳል ብሎ ስለሚያምን ፊልሞቹን ቆልፎ ለበዓል ብቻ ያወጣቸው ነበር። ሌላው ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት ስሙ ከነማዕረጉ እንዲነገር አዘዘ። እኔም እናገር ነበር፤ በኦሮምኛ ሲሆን ትንሽ አሳጥረው ነበር እንጂ። ሦስተኛው አቶ ዘለቀ ነው፤ ከሁሉም የተማረ፣ ከሁሉም ጨዋ፣ ስለዚህም ከሁሉም አስቸጋሪ። መጥፎ አለቃን ሰው ያማዋል፣ ይገላገላል። ጥሩ አለቃ ሲሳሳት ግን የሚደረግ ነገር የለም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱትም መኪናውን የሚነዱትም እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት በአንድ የማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ ይነፉ ነበር። ቱባ ያ ነፊው እንደ ሕፃን የሚያቅፈው፣ አፉ እንደ ገንዳ የሰፋው ትልቅ የናስ መሣሪያ ነው። የፊት ጥርሳቸው ሲወልቅ መንፋት አቆሙ። ከባንድ ኑሯቸው የተረፋቸው ቀጥ ያለ አቀማመጥና ለማንም የማይበገር ኩራት ነው። ሰው ሲሳሳት ወዲያው ይናገራሉ፤ እሳቸው ሲሳሳቱ ግን የተሳሳተው ማሽኑ ነው። አንድ ቀን ቡራዩ ላይ ፊልሙን ገልብጠው አስገብተው አንድ ገበሬ ራሱን ወደታች አድርጎ ሲያርስ ሰዉ በሳቅ ሲሞት፣ ዞር ብለው ያዩት እኔን ነበር።

ሥራ ግን ያውቁ ነበር። ፊልም ላይ ድምፁ ከሥዕሉ ቀድሞ እንደሚታተም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ አብሮ የሚሄድ ቀጭን ጥላ መሳይ መስመር አለ፤ ድምፅ ማለት እሱ ነው። ማሽኑ ውስጥ፣ ሥዕሉ ከሚያልፍበት መስኮት ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ መብራት በዚያ መስመር ላይ ታበራለች። ፊልሙ በመስኮቱና በመብራቷ መካከል ልክ የሆነ ልል ጥምዝ፣ ዘለበት የሚሉትን፣ ሠርቶ መውረድ አለበት። ዘለበቱ ከተበላሸ በር ይዘጋና ድምፁ ቆይቶ ይመጣል፤ ሰውዬው አፉን ከዘጋ በኋላ ይናገራል። ጋሽ ደምሴ ዘለበቱን በዓይን አይለኩም፤ ሌባ ጣታቸውን ከሥሩ አሳልፈው ነው የሚያውቁት። ጄኔሬተሩን ነፋሱ ድምፁን ይዞ ወደሚሄድበት በኩል፣ ራቅ አድርገው ከባሕር ዛፍ ጀርባ ያቆሙታል። ሱሉልታ ሲሆን ቅዝቃዜው የማሽኑን ዘይት ስለሚያረጋው ፊልም ሳያስገቡ ባዶውን ያሽከረክሩታል፤ አለበለዚያ ሙዚቃው ሲጀምር እንደሚያዛጋ ሰው ይጎተታል። ንግግር ትንሽ ቢጎተት ማንም አይታወቀውም። ሙዚቃ ሲጎተት ግን ውሻ እንኳን ቀና ይላል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ፊልም ከተጀመረ በኋላ መጋረጃውን አያዩም። ማሽኑን አስነሥተው ለእኔ ይተዉልኝና ከፊት፣ ከድምፅ ማጉያው ሳጥን አጠገብ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ለመጋረጃው ሰጥተው የሰዉን ፊት ያያሉ። ሁለተኛው፣ ግራ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። የማሽኑን ጤንነት የሚከታተሉበት ዘዴ ይመስለኝ ነበር። መቼ መናገር እንዳለብኝ የሚያሳዩኝም በቀኝ እጃቸው ከዚያው ሆነው ነው። እጃቸው ሲነሣ እናገራለሁ፤ ሲወርድ ዝም እላለሁ። «ሙዚቃው ሲተነፍስ ተናገር» ይሉኝ ነበር፤ «በሰው እስትንፋስ ላይ አይወራም።»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ይህን ያህል የጠቀመኝ ግን የለም። ሰው የሚሠራበት ፊልም ላይ ተዋናዩ ራሱ ይተነፍሳል፣ ይደክመዋል፣ ሲቀመጥ ወንበሩ ይሰማዋል። በእጅ የተሣለ ፊልም ይህ ሁሉ የለውም። የተሣለ ሰው ሲራመድ መሬቱን አይጫነውም፤ የተሣለ ልጅ ሲታመም የሚታመመው ቀለሙ ነው። እነዚያን ፊልሞች የሚሠሩት ሰዎች ለአንዲት ብጣሽ ሥዕል አንድ አዳራሽ ሙሉ ሙዚቀኛ የሚሰበስቡት ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም። ቫዮሊን የሚስቡት ክንዶች ለሥዕሉ ክብደት ይሰጡታል፤ የሚነፉት ሰዎች ሳንባ ይተነፍስለታል። ሥዕሉ በሩን ሳይከፍት ሙዚቃው ማን እንደቆመ ይነግርሃል፤ አንተም ያወቅኸው ራስህ ይመስልሃል። የኦርኬስትራ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው። ያን ሁሉ ሰው ተጠቅሞ ይነግርህና፣ ብቻህን የደረስህበት እንዲመስልህ ያደርጋል።

እስከዚህ ድረስ ከጋሽ ደምሴ ጋር አንድ ነበርን። እሳቸው ግን አልፈው ሄደው፣ ይህ ለማንም ፍጡር ያለ አስተርጓሚ ይገባል ይሉ ነበር። ቋንቋውን ተርጉም፣ ሙዚቃውን ተወው፣ እሱ ለራሱ ያውቃል። እኔም ለዓመታት ተውሁት።

ከዚያ የዝንቡ ፊልም መጣ። አጭር የሥዕል ፊልም ነው። ዝንብ ከቆሻሻ ክምር ተነሥቶ መጀመሪያ ምግብ ላይ፣ ቀጥሎ ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ ያርፋል። ልጁ ይታመማል። አባትየው አካፋውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍራል። እናትየው ምግቡን ትከድናለች፣ የልጁን ፊት ታጥባለች። ዝንቡ ክዳን ሥር ተይዞ ይሞታል፣ ልጁ ድኖ ይቦርቃል። ዝንቡ በመጣ ቁጥር ከሥር ባስ የሚባሉት ትላልቅ ባለወፍራም ድምፅ መሣሪያዎች ያጉረመርማሉ፤ ከላይ ደግሞ አንድ የፈረንጅ ዋሽንት ይነፋል። አባትየው አካፋ ሲያነሣ ጥሩምባዎች በአንድነት ይነሣሉ፣ ከበሮ ይመታል። እዚያ ቦታ ላይ የጋሽ ደምሴ ዓይን እንባ ያቀርራል። ሰው ሊሠራ ሲነሣ እንዲህ ነው መታጀብ ያለበት ይሉ ነበር።

ሱሉልታ ላይ ስናሳየው አቶ ዘለቀ ሊጎበኘን መጥቶ ነበር። ቅዝቃዜው እንደ ልማዱ ነው፤ ሰዉ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሜዳውን ሞልቶታል። ዝንቡ ብቅ ሲል ሰዉ ፈገግ አለ። ዝንቡ ልጁ ዓይን ላይ ሲያርፍ በሁለቱም ቋንቋ ጠላት መሆኑን ተናገርሁ፤ ፈገግታው ግን ከፊታቸው አልጠፋም። ከዚያ ልጁ ተኛ። ከዚያ ጥሩምባ ተነፋ፤ አባትየው አካፋ አነሣና ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

አንዲት ሴት «ውይ ልጄን» አለች። አጠገቧ ያለችው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በእኛ መንደሮች ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በየአጥሩ እየዞረ ማን እንደሞተና የት እንደሚቀበር ይናገራል፤ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ። እኛ የታመመ ልጅ አሳየን፣ ጥሩምባ ነፋን፣ አባቱን አካፋ አስይዘን ጉድጓድ አስቆፈርን። ሌላ ምን እንዲያስቡ ነው? «መጸዳጃ ቤት ነው» እያልሁ በማይክሮፎን ብጮህ፣ በለቅሶ መካከል የሚሳደብ ሰው መሰልሁ። በመጨረሻ ያ ተቀበረ የተባለው ልጅ ተነሥቶ ሲቦርቅ ሜዳው ሙሉ አማተበ።

ፊልሙ ሲያልቅ ኦቦ ገመዳ ተነሡ። የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰው ማሳፈር ይችሉበታል። «አካም ጅርቱ» ብለው ሜዳውን ሙሉ ሰላም ካሉ በኋላ፣ አቶ ዘለቀ እንዲገባው በአማርኛ ቀጠሉ።

«ጌታው፣ ያ ኡሉሌ የሚነፋው ልጅ ምን በድሎ ነው ክዳን የደፋችሁበት?»

ኡሉሌ ዋሽንት ነው። አቶ ዘለቀ የትኛውን ልጅ ማለታቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ።

«ክንፍ ያለው፣ ትንሹ ነዋ። ማንንም ሳይነካ ደስ ብሎት ይነፋ ነበር። እነዚያ ጥሩምባ ነፊዎች መጥተው ነው ቤቱን ለቅሶ ያደረጉት።»

«ኦቦ ገመዳ፣ እሱኮ ዝንብ ነው። ቲቲሳ» አልኋቸው።

«ቲቲሳማ አውቃለሁ፤ ቤቴ ሙሉ ነው። የእኔዎቹ እንዲህ አይነፉም እንጂ። እንዲህ የሚነፋ ካላችሁ አምጡልኝ፤ ወተት እሰጠዋለሁ።»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ዘለቀ አልሳቀም። ዕቃችንን ስንጭን ቀርቦ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ችግሩ ሙዚቃው መሆኑን ነገረን። ሙዚቃው ይጥፋ፣ የአስተርጓሚው ድምፅ ብቻ ይሰማ። ቡራዩ ስንደርስ መጥቶ ያያል፤ ከዚያ ለሁሉም ቡድን ትእዛዝ ይወጣል።

ጋሽ ደምሴ የተናደዱት በእሱ አልነበረም፤ በሰዉ ነበር። መኪናው ውስጥ ሆነው መሪውን በቡጢ እየመቱ ዝንቡ ሲመጣ ባሶቹ እንዴት እንደሚያስፈሩ፣ ድንጋይ እንኳን እንደሚሰማው፣ የሱሉልታ ሰው ግን ጆሮ እንዳልተፈጠረለት ነገሩኝ። ባሶቹስ ልክ ናቸው፣ ሰዉን ያሳሳተው ዋሽንቱ ነው አልኋቸው።

«የቱ ዋሽንት?» አሉኝ።

የሚያላግጡ መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ያን ፊልም ከእኔ እኩል ያሳዩ ሰው፣ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለበትን ዋሽንት የለም ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ሰውየው በትዕቢት አብደዋል ብዬ ደመደምሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሰበታ ስንሄድ ዓለም ገና ላይ ጎማ ፈነዳብን። ጠራራ ፀሐይ ነው። እሳቸው ጎማውን ሲፈቱ እኔ አሁንስ ልርታቸው ብዬ የዝንቡን ዋሽንት በፉጨት አፏጨሁላቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጋሽ ደምሴ አፌን ትኩር ብለው አዩና «ምንም አልወጣህ፤ ከንፈርህ ደርቋል» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ ድንች የምትሸጥ ሴት ግን ዞር ብላ እያየችኝ ነበር። እኔ እሷን አየሁ። እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሴትዮዋን አዩ። ሁለታችንም የገባን እዚያው ነው።

ማርሽ ባንድ ሲሰለፍ ቱባ ነፊዎቹ የሚቆሙት ከትልቁ ከበሮ ፊት ነበር፤ ጋሽ ደምሴን ወጣትነታቸውን ሙሉ ሰው ጆሯቸው ሥር ከበሮ ሲደበድብባቸው ኖሯል። ወፉ፣ ፉጨቱ፣ የሴት ጥሪ፣ ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ሁሉ ቀስ በቀስ ከጆሯቸው ሄዷል። ከሥር ያለው ወፍራሙ ተርፏል፤ ያም ቢሆን ከጆሯቸው ይልቅ በመዳፋቸው ነው የሚደርሳቸው። ይህን የነገሩኝ ብሎኑን እያጠበቁ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ምን ይላል?»

«ማን?»

«ዋሽንቱ ነዋ።»

እንዴት እንደማሰማቸው ቸገረኝ። በመጨረሻ ድምፄን ወደ ደረቴ አውርጄ፣ እንደ ወፍራም ሰው እያጉረመረምሁ፣ ዜማውን በመንገድ ዳር ዘፈንሁት። መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳርፈው እስኪያልቅ ቆሙ። ድንች ሻጯ ምን እንዳሰበች አላውቅም።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ለዝንብ አይገባም ነበር።»

ሰበታ ላይ የሞከርነውን ዘዴ ያመነጨው ይህ ነው። ሰዉ ሲሰበሰብ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን የማሽኑ መነጽር ላይ አንጠለጠሉት፤ ብርሃን ታግዶ ድምፁ ብቻ ወጣ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግሩን ሳይሆን ሙዚቃውን ተረጎምሁ። ይህ ጥሩምባ የዕድር አይደለም፤ ማንም አልሞተም። በፈረንጅ አገር አባወራ ለሥራ ሲነሣ ጎረቤት እንዲህ ያበረታታዋል። (ፈረንጅ ይህን ማድረጉን አላውቅም፤ ትርጉም ግን ሁሉም መሐላ አይደለም።) ይህ የሚያጉረመርመው የዝንቡ ሆድ ነው፤ ከላይ የምትሰሙት ዋሽንት የዝንቡ አፍ ነው። አፉ ሲያጣፍጥላችሁ ሆዱን አትርሱ። በኦሮምኛ ስደግመው ይበልጥ ጣፈጠ። ከዚያ ባርኔጣው ተነሣ፣ ፊልሙ ታየ። ዝንቡ በመጣ ቁጥር ሰዉ «ሆዱን! ሆዱን!» እያለ ይጮህ ጀመር፤ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዋሽንቱ በተነፋ ቁጥር መሬት ላይ እንትፍ ይሉ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት መፍጀታችንን ሳስብ አሁንም ራሴን ያመኛል።

ቡራዩ ላይ ያሳየነው በቀን ነበር፤ በገፈርሳ መንገድ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን። አቶ ዘለቀ ቀድሞን ደርሷል። በመጀመሪያ እንደታዘዝነው ያለ ሙዚቃ አሳየን። እኔ ስናገር ይሰሙኛል፤ ዝም ስል የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ዝንቡ በረረ፤ የወደደውም የጠላውም የለም። ልጁ ታመመ፤ ማንም አላዘነለትም። ሁለት ነጋዴዎች የጤፍ ዋጋ አንሥተው ማውራት ጀመሩ፤ ድምፃቸውን እንኳን ዝቅ አላደረጉም። ከኋላ ያሉት አንድ በአንድ ወጡ።

አቶ ዘለቀ ግን ረክቷል። «ቢያንስ ማንም አላለቀሰም» አለ።

ስለ ሰበታው ዘዴ ነገርሁት። ደግ ሰው ነውና በጽሞና አዳመጠኝ። ከዚያ፣ እንደ ጥሩ አለቃ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። ሁሉም ቡድን እንዳንተ ያለ አስተርጓሚ የለውም፤ ስለዚህ ዘዴው የሚረባ ከሆነ የማሽኑ ሠራተኛ ራሱ ሊያደርገው ይገባል። አቶ ደምሴ ሙዚቀኛ ስለሆኑ አሁን ብቻቸውን ያሳዩኝ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ሲመጣ እጃቸውን ያንሡ፣ ለሰዉ ያስረዱ። ከሆነ ሙዚቃው ይቆያል። ካልሆነ ይጠፋል።

ሙዚቃው ቢጠፋ ጋሽ ደምሴን የሚነካቸው ሰው አልነበረም። ድምፅ አልባ ማሽን ለማንቀሳቀስ ጆሮ አያስፈልግም፤ የቀራቸውን ጥቂት ጊዜ ሠርተው በክብር ጡረታ ይወጣሉ። ቢሞክሩት ግን ዋሽንቱ ሲመጣ ይታወቅባቸዋል። ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ ማለትም በሚሰሙት ወፍራም ድምፅ፣ አይሆንም ይበሏቸው ጋሼ፣ ማሽኑ አይመችም ይበሉ፣ እንሂድ አልኋቸው። ምን ያህል እንደለመንኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አንድም ቀን ማሽኑን ከመውቀስ ተመልሰው የማያውቁት ሰው ያን ቀን እንቢ አሉኝ።

ፊልሙን መለሱ፣ ዘለበቱን በጣታቸው ለኩ፣ ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ ሄደው ሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። ባሶቹ መጡ። እጃቸውን አነሡና «ይህ ሆዱ ነው» አሉ፤ እኔ እንኳን እንደዚያ አሳምሬ አልተናገርሁትም። ወጥተው የነበሩት ሰዎች ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። የጤፍ ወሬው ቆመ። ከዚያ ዋሽንቱ መጣ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሞላው። የጋሽ ደምሴ እጅ አልተነሣም። ዋሽንቱ ዜማውን ጨረሰ። እጃቸው እዚያው ነው።

«አቶ ደምሴ፣ ዋሽንቱ አለፈዎት» አለ አቶ ዘለቀ።

ረሳሁት ማለት ይችሉ ነበር። ሄደው ማሽኑን አቆሙ።

«አላለፈኝም ጌታዬ፤ አልደረሰኝም። ከላይ ያለውን ጆሮዬ ከተወው ቆይቷል።» በሩ ላይ ወደቆሙት ሰዎች አገጫቸውን ቀሰሩ። «ድምፁ ቢጠፋ እዚህ ቤት ውስጥ የሚጠቀም ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ይሰሙታል። አያጥፉባቸው።»

አቶ ዘለቀ ባርኔጣቸውን ከመነጽሩ ላይ አንሥቶ ሰጣቸው። ከዚያ ማሽኑን እኔ እንዳስነሣው አዘዘና ፊልሙ እስከ መጨረሻው ከነሙዚቃው ታየ። በሳምንቱ ውሳኔው መጣ። ሙዚቃው በሁሉም ቡድን እንዲቆይ፣ ከትርኢቱ በፊት ሙዚቃው እንዲተረጎም፤ አቶ ደምሴ ደግሞ ለጤንነታቸው ሲባል ከማሽን ሥራ ተነሥተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወሩ። አቶ ዘለቀ ራሱ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ትክክል መሆናቸው ነው፤ የምረግመው ሰው እንኳን አላስተረፉልኝም።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ግምጃ ቤት ጡረታ ወጡ። እዚያ የነበረው አካፋና የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ከሁለቱም ድምፅ አይወጣም። በእሳቸው ቦታ የተላከልኝ ሰው ጆሮው እንደ ድመት ጆሮ ነበር። ሁሉን ይሰማል፣ ምንም አያዳምጥም፤ ሙዚቃው ሲጀመር ሲጋራውን ለኩሶ ስለ ውሎ አበሉ ያወራኛል። ከእሱ ጋር ስንት አገር ዞርሁ። ሰዉ ግን፣ ሱሉልታም ሆነ መናገሻ፣ መጋረጃው ላይ የሚናገር ሲጠፋ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር። ያን ዋሽንት ስሰማ በደረቴ ዝቅ አድርጌ የምደግመው ልማድ አልለቀቀኝም፤ ሲጋራ ለኳሹ እብድ ነው ብሎ አስወርቶብኛል።

አሁን ሥራ ስለሌለኝ እንደ ማንኛውም ሰው ገንዘብ ከፍዬ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት እገባለሁ። ያየሁት ይህ ነው። መጋረጃው ላይ ያሉት ሰዎች ሲያወሩ አዳራሹ ዝም ይላል። እነሱ ዝም ብለው ኦርኬስትራው ሲጀምር ወሬው ይነሣል። አክስትሽ ተሻላት ወይ፣ ያን ኮት በስንት ገዛኸው፣ ከዚህ ወጥተን የት እንሂድ። ቃል ስላልወጣ ምንም ያልተባለ ይመስላቸዋል። ዞሬ አየኋቸው፤ ክራቫት ያሠሩ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ምናልባትም ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው።

አንባቢዬ፣ አንተን ነው። ያን ድምፅ አንድ ሰው እሱ ሳይሰማው በእንጀራው ገዝቶ አቆይቶታል። ሲኒማ ቤት ስትገባ፣ መጋረጃው ላይ ማንም በማይናገርበት ጊዜ፣ እባክህ አፍህን ዝጋ።